ወተቱን መልሺው፣ ዱቤውን ቀንሺው

ከሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ግንባታ ላይ ይሠራል። የ8 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። የሁለታችን ገቢ ሲደመር በወር 21,000 ብር አካባቢ ነው። 5,000 ለቤት ኪራይ ይሄዳል። አለታ ወንዶ ላለችው እናቴ 1,000 እልካለሁ። የቀረው ወሩ 18 ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምንኖረው ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ነው። ዱቤው አሁን 4,200 ደርሷል። እንጀራ በቀን 8፣ አንዱን በ20 ብር እገዛለሁ። ድሮ እጋግር ነበር። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ስለምንጠቀም በመብራት ሒሳብ ጭቅጭቅ በዛና ተውኩት። ከሰል በየቀኑ የ50 ብር በፌስታል እወስዳለሁ። ሥጋ ካቆምን ቆይተናል። ባለፈው ወር የልጆቹን ወተት ቆረጥኩ። ባለቤቴ ማታ ማታ ‹ብሩ የት ገባ?› ይለኛል። እኔም አላውቀውም። ለእናቴ የምልከውንም እንድተው ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወተቱን መልሺው። የቀረውን ምክሬን ባትቀበይ እንኳ ይህን አድርጊልኝ። የ4 ዓመት ልጅ ሰውነቱም አእምሮውም ገና እየተሠራ ነው። ዛሬ የቀረበትን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመቸን አንመልስለትም። ወተቱ ከወጪያችሁ ትልቁ አይደለም። ግን ለመቁረጥ ቀላሉ እሱ ነው፤ ልጅ ተከራክሮ አያሸንፍማ። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። ብር ሲያጥር ቅነሳው ከሳህኑ ይጀመራል። ወተቱ ይቀራል፣ እንቁላሉ ይቀራል፣ ጎመኑ ይሳሳል። ትልቁ ወጪ ግን ማንም ሳይነካው ይቀጥላል። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ ወጪ አይመስልም።

እስቲ አንቺ የጻፍሽውን ራሱን እንደምረው። በቀን 8 እንጀራ በ20 ብር 160 ብር ነው። በወር 4,800። የከሰሉ 50 ብር በወር 1,500 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 6,300 ብር ሆኑ። ኪራዩና የእናትሽ ከወጣ በኋላ በእጃችሁ የሚቀረው 15,000 ነው። ከዚያ ውስጥ ከ5 ብር 2 ብር በላይ የሚሄደው ለእንጀራና ለከሰል ብቻ ነው ማለት ነው። ወጡ ገና አልተሠራም። ባለቤትሽ «ብሩ የት ገባ?» ላለው መልሱ ይኸው። አላባከንሽም። ብሩ የሄደው ለምግብና ለማገዶ ነው፤ ግን ሁሉንም የገዛሽው በውዱ መንገድ፣ በቁንጥር ነው።

በቁንጥር የሚገዛ ሰው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ከሌላው የበለጠ ይከፍላል። አምስት ሊትር ዘይት በአንዴ የሚገዛና በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሊትር የሚያስቀዳ ሰው እኩል ዋጋ አይከፍሉም። ከሰል በማዳበሪያና ከሰል በፌስታልማ ጭራሽ አይገናኙም። ባለሱቁን ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። እሱም ዕቃውን ያስጭናል፣ ይሰፍራል፣ የሚበላሽበት አለ። ዱቤ ሲሰጥ ደግሞ ብሩ አንቺ ጋ ይቀመጣል፣ የማይከፍለው ሰውም አለ። ያን ሁሉ ዋጋው ላይ ያሳርፈዋል። ዱቤ የያዘ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም፤ ሌላ ሱቅ ሄዶም አይጠይቅም። ዋናው ጉዳት ይህ ነው። ዱቤው ያንቺን እግር ከአንድ ሱቅ ጋር ያስረዋል።

ኑሮውም መክበዱን አልክድም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው ሽቅብ ነው። የምንበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ይህን አንቺም ባለቤትሽም ልታቆሙት አትችሉም። ስለዚህ ማታ ማታ መወቃቀሱን ተዉትና በእጃችሁ ወዳለው እንሂድ።

ከመብራቱ ልጀምር። የእንጀራው ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና። ግቢው በቆጣሪው ተጣላ፣ አንቺ መጋገር ተውሽ፣ በዚያው በወር 4,800 ብር እንጀራ መግዛት መጣ። ጭቅጭቁን ለመሸሽ የከፈልሽው ዋጋ ይህ ነው። ጭቅጭቁ ግን የሚፈታ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ይበላል። አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 9 ዋት የሆነ ነጭ አምፖል 400 ያህል ብታበሪ ነው ከአንድ ምጣድ ጋር የሚተካከለው። ስለዚህ ጎረቤቶችሽ ስለ ምጣዱ ማጉረምረማቸው ልክ ነበር። ሒሳቡን ለአራት እኩል መክፈሉ ነው ልክ ያልሆነው። አሁን የምታደርጊው ይኸውልሽ። ሌሎቹ ብዙ በማይጠቀሙበት ሰዓት፣ ከመጋገርሽ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፊ። ጋግረሽ ስትጨርሺ እንደገና ጻፊ። ልዩነቱ የበላሽው ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሒሳብ ወረቀታችሁ ላይ ባለው የአንዱ ዋጋ አባዢው። ቆጣሪው የካርድ ከሆነም የቀረውን መጠን ስለሚያሳይ ያው ነው። ያንን ይዘሽ ጎረቤቶችሽን በቡና ሰብስቢያቸው። «አንዴ ስጋግር የምፈጀው ይህን ያህል ነው፤ የጋገረ በጋገረው ልክ በደብተር ይመዝገብና ወሩ ሲያልቅ ለብቻው ይክፈል» በያቸው። ሰው ቁጥር ሲያይ ይረጋጋል። የሚያጣላው ግምቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የቤት መብራት ታሪፍ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለአንዷ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ እንዲከፍል ሆኖ የተሠራ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠራል። ሁላችሁም ለየብቻችሁ ብትሆኑ ከምትከፍሉት በላይ ትከፍላላችሁ። ለአከራያችሁ አራታችሁም በአንድነት ሄዳችሁ ንገሯቸው። አንድ ሰው ሲናገር ነገረኛ ይባላል። ሁለተኛ ቆጣሪ ማስገባት ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም ጥያቄው ዛሬ ይጀመር።

ምጣዱ ላይ ደግሞ ይህን አድርጉ። ሸክላው እስኪሞቅ የሚበላው መብራት ምንም እንጀራ ሳይወጣ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቤት በአንድ ቀን ተከታትላችሁ ጋግሩ። የአንዷ ሲያልቅ የሌላዋ ሊጥ ይቅረብ፤ ምጣዱ አይቀዝቅዝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ማብሪያውን አጥፍተሽ በሸክላው ሙቀት ብቻ አውጫቸው። አክንባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን። የተሰነጠቀ ምጣድ ላይ መታገልም መብራት መጨረስ ነው። አምፖሎቻችሁ አሁንም ቢጫዎቹ ከሆኑ በነጮቹ ቀይሯቸው። ባለ 60 ዋቱን ቢጫ 9 ዋቱ ይተካዋል። ልጅ መብራት ሳያጠፋ ቢተኛ ግን አትጩሂበት፤ ወጪያችሁ እዚያ አይደለም።

ጤፉን በተመለከተ፣ ዱቄት ተፈጭቶ አትግዢ። እህሉን ግዢ፣ አበጥሪ፣ ራስሽ ወፍጮ ቤት ውሰጂ። ምን እንደተቀላቀለበት በማታውቂው ዱቄት ላይ ብርሽን አታፍስሺ። ንጹሕ ጤፍ ብቻ ካልሆነ አልበላም የሚል ካለ በቤታችሁ፣ ይህ ዓመት የሚከራከርበት አይደለም። ሐዋሳ ዙሪያው የበቆሎ አገር ነው። ጤፉ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣላችሁ። ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ስትቀላቅዪ በትንሹ ጀምሪ። አንድ ሩቡን አስገቢ፣ እጅሽ ሲለምደው ጨምሪ። በቆሎ የበዛበት እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ አብሲቱ ላይ ጠንከር ማለት ይረዳዋል። መጀመሪያ በ5 ኪሎ ሞክሪና ስንት እንጀራ እንደወጣልሽ ቁጠሪ። የእህሉን፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ዋጋ ደምረሽ በእንጀራው ቁጥር አካፍዪው። ከ20 ብር ጋር አስተያዪው። እኔ ርካሽ ነው ስላልኩሽ አትመኚ፤ የራስሽ ሒሳብ ይንገርሽ። ድካምሽንም አስቢበት። ሙሉ ቀን ከሕፃናት ጋር ውለሽ የምትመጪ ሰው ነሽ። በሳምንት ሁለቴ መጋገር ከከበደሽ ባለቤትሽ እህሉን ያስፈጭ፣ ሊጡን ያቡካ። ወንድ ያቦካው ሊጥም ይነሳል።

ሐዋሳ ይሞቃል፣ እንጀራም ቶሎ ይሻግታል። ትኩሱን ላይ በላዩ አትደርድሪ፤ ይብረድ። መሶቡን ወይም ማስቀመጫውን በየዙሩ አጥበሽ በደንብ አድርቂው። ሳይሻግት የተረፈውን ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪና ድርቆሽ አድርጊው። የጠዋት ፍርፍር ይወጣዋል። የሻገተውን ግን ሻጋታውን አራግፈሽ ለልጅ አትስጪ፤ ጣዪው።

ቆጮስ? ትዪኝ ይሆናል። የሲዳማ ልጅ ስለሆንሽ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ከጎመን ጋር ሲቀርብ ግን የእንጀራውን ቁጥር ይቀንስልሻል፤ ሆድም ይይዛል።

አሁን ወደ ከሰሉ። ወርኃዊው 1,500 ብር ነው ብለናል። ያንን ልብሽ ውስጥ ይዘሽ የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ ጠይቂ፣ ስንት ሳምንት እንደሚያደርስሽም ገምቺ። ልዩነቱን ስታይ ትደነግጫለሽ። ለዚህ ነው ለጅምላ የመጀመሪያ ዕቃሽ ከሰል ይሁን የምልሽ። አይበላሽም፣ አይሻግትም፣ ልጅ ከጓዳ አይሰርቀውም። ደረቅ ቦታ ይቀመጥ እንጂ። ምድጃሽ ተራው ቆርቆሮ ከሆነ ውስጡ ሸክላ ያለበትን ላቀች ግዢ። ሙቀቱን ይይዛል፣ ከሰሉን ያቆያል። ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደሩ፤ በግማሽ እሳት ይበስሉልሻል። ቡናውን አፍልተሽ ስትጨርሺ ፍሙ ላይ የነገውን ቦሎቄ ጣጂ። አደራሽን፣ ከሰሉን በር ዘግተሽ ክፍል ውስጥ አታንድጂ። በተለይ ማታ ልጆቹ በተኙበት። ጭሱ የማይታየው ነው የሚገድለው።

«ለማዳበሪያው ብሩን ከየት ላምጣ?» ማለትሽ አይቀርም። እውነት ነው፣ ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በጅምላ ለመግዛት መጀመሪያ ብር መያዝ አለበት፤ ዱቤ ያለበት ሰው ደግሞ ደሞዝ ሲገባ ባለሱቁ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ወር ለማስተካከል አትሞክሪ። በወር አንድ ዕቃ ብቻ ከሱቁ አውጪ።

እንዲህ አድርጊ። ደሞዝ እንደገባ ባለሱቁ ጋ ራስሽ ሂጂ። አትሽሺው፣ በሌላ መንገድ አትዙሪ። «4,200 አለብኝ። በአንዴ ከከፈልኩህ ተመልሼ ነገውኑ ዱቤ ልይዝ ነው። በየወሩ 700 ልስጥህና በስድስት ወር እንጨርስ» በዪው። 700 በ6 ወር 4,200 ነው፣ ልክ ይመጣል። አብዛኛው ባለሱቅ ቀኑን የሚያከብር ሰው ይወዳል። እሱ ሲስማማ በእጅሽ በሚተርፈው ብር የከሰሉን ማዳበሪያ ግዢ። በዚያ ወር ዘይቱንም ስኳሩንም እንደተለመደው ከሱቁ ውሰጂ፤ ከሰል ብቻ ነው የሚቀረው። ለከሰል በየቀኑ የምታወጪውን 50 ብር ግን ቁም ነገር አድርገሽ ለብቻው አስቀምጪው። ከሰሉ ማዳበሪያ ውስጥ አለ ብለሽ 50ውን ሌላ ቦታ ካጠፋሽው ያተረፍሽው ነገር የለም። በሚቀጥለው ወር ያ ተቀማጭ ባለ 5 ሊትር ዘይቱን ይገዛል። በሦስተኛው ወር የልብስና የገላ ሳሙናውን። ሳሙናውን ከመጠቅለያው አውጥተሽ ለሳምንት ነፋስ ይምታው፤ ሲደርቅ ውኃ ውስጥ ቶሎ አይሟሽሽም። በዚህ አካሄድ ሽሮው፣ ምስሩ፣ በመጨረሻም ጤፉ ይደርሳል።

ብዙ ዕቃ ቤት ሲገባ እጅ ይፈታል። ዘይቱ ባለ 5 ሊትር ስለሆነ ድስቱ ውስጥ እንደ ውኃ ይፈሳል። ለዚህ ትንሽ ጠርሙስ ያዢ። በየሰኞው የሳምንቱን ቀድተሽ ጀሪካኑን ዝጊና አስቀምጪ። ጠርሙሱ ቅዳሜ ካለቀ እሁድ ያለ ዘይት የሚሠራ ወጥ አይጠፋም።

ዕቁብም ጥሩ መንገድ ነው። አሁን ግን አትግቢ። ዱቤው እየጨመረ ዕቁብ የገባ ሰው ዕቁቡን የሚጥለው በዱቤ ነው። 4,200ው ወደ 2,000 ሲወርድ ከትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ጋር ትንሽ ዕቁብ ጀምሩ። 10 ሰው በየ15 ቀኑ 300 ብር ቢጥል የአንዱ ዙር 3,000 ይሆናል። ስትጀምሩ ዕጣ መለዋወጥ እንዲፈቀድ ተስማሙ። ዕጣሽ እህል በሚረክስበት ወር እንዲደርስሽ ትፈልጊያለሽና። ያንን ብር ደግሞ ሶፋ ላይ እንዳታውዪው።

የጊዜው ነገር ብዙ ያተርፋል፣ ትንሽ ልቆይበት። ጤፍ የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው የሚለዝበው በዚያ ሰሞን ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይወጣል። ኩንታል መግዛት ባትችዪ ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ኩንታል ተካፈሉ። በርበሬም እንዲሁ። የሐላባና የማረቆ በርበሬ ከደረሰ በኋላ፣ በበጋው፣ ዛላውን ገዝተሽ አድርቀሽ አስፈጪ። የዓመቱን በርበሬ በዚያ ወር ያዘጋጀ ቤት ክረምቱን በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ፣ ምን እንደገባበት የማይታወቅ በርበሬ አይገዛም።

ቅቤ የሚገዛው በሁዳዴ ነው። ጾመኛ ብትሆኚም ባትሆኚም በ55 ቀኑ ውስጥ ፈላጊው ስለሚያንስ ዋጋው ይረግባል። የፋሲካ ሳምንት እስኪደርስ ከጠበቅሽ ግን አለፈሽ። ያኔ የገዛሽውን በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥሪው። ውኃውና አሬራው ከወጣ በኋላ የተነጠረ ቅቤ ወራት ይቀመጣል። እንቁላልም በዚያው ጾም ይረክሳል፤ ለልጆችሽ በደንብ የምታበዢበት ጊዜ ነው። ዓሣው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሁዳዴ ሁሉም ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይሮጣል። ዓሣ መብላት የምትፈልጉት በፍስኩ ወቅት ይሁን። ጠዋት መረቡ ሲወጣ ሂጂ። አጥንቱ የወጣለትን ፊሌቶ አትግዢ፣ ቆሮሶ ዓሣውን ሙሉውን ውሰጂ። ሥጋው ለጥብስ ይሆናል። ከራሱና ከአጥንቱ የሚወጣው ሾርባ ሌላ አንድ ምሳ ነው። ሥጋ አቆምን ያልሽውን እንዲህ ትተኪዋለሽ፣ ሐይቅ አጠገብ እየኖራችሁ።

ሽንኩርት በክረምት ይወደዳል፣ ይበሰብሳልም። በጋ ላይ 5 ኪሎ ገዝቶ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ዘርግቶ ማስቀመጥ ያዋጣል። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ከተቀመጠ ግን በሳምንቱ ውኃ ይሆናል። ድንቹን ጨለማ ቦታ አድርጊው። ጉሊት ላይ በመደብ ስትገዢ መደቡን አንዴ ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ እዪው። አንዳንዱ መደብ ከኪሎው ይሻላል፣ አንዳንዱ በጣም ይብሳል፤ በዓይን አይታወቅም። የቅዳሜና የእሁድ ገበያዎችን አትለፊ። አምራቹና ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በቀጥታ ስለሚሸጡ መሐል ላይ የሚጨመረው ይቀንሳል። ሻሸመኔ አትክልት ርካሽ ነው ሲሉሽ ግን ለ5 ኪሎ ሽንኩርት 25 ኪሎ ሜትር እንዳትሄጂ። ትራንስፖርቱ ትርፉን ይበላዋል። አራቱም ቤት አስቤዛውን አንድ ላይ ካደረገና አንድ ሰው ከሄደ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

አቮካዶው አለላችሁ። ሲዳማ ውስጥ ሆነሽ ለልጆች የታሸገ ብስኩት መግዛት አያስፈልግሽም። አንድ አቮካዶ ከዳቦ ጋር መክሰስ ይሆናል፤ ስብም ጉልበትም አለው።

ትራንስፖርት ላይ ብዙ አልልም። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ የብስክሌት ከተማ ናት። ባለቤትሽ ሥራው ቅርብ ከሆነ አንድ ያገለገለ ብስክሌት የባጃጁን ወጪ በጥቂት ወራት ይመልሳል። ለበዓል ደግሞ ሥጋ ቤት ከመሰለፍ የቅርጫ ማኅበር ግቡ። ለፋሲካም ይሁን ለፍቼ ጫምባላላ፣ ገና ከአምስት ስድስት ወር በፊት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብትጥሉ በዓሉ ሲደርስ ደሞዙ አይነካም።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። «ብሩ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ክፉ ነው አልልም። ደክሞ ይሠራል፣ ያመጣል፣ ሲያልቅ ያያል። በመሐሉ ያለውን ግን አያይም። የሽንኩርትን ዋጋ የሚያውቀው ባለፈው ዓመት ከሆነ ያንቺ ወጪ ለእሱ ጉድለት ይመስለዋል። ደብተር አውጥተሽ ራስሽን እየተከላከልሽ አታስረጂው። ይልቅ አንድ ወር ሙሉ አስቤዛውን እሱ ይግዛ። ብሩን ስጪው፣ አንቺ የሚፈለገውን ዘርዝረሽ ጻፊለት፣ እሱ ይዞ ይምጣ። ሲሳሳት አትሳቂበት፣ «አየህ?» አትበዪው። በቁጣ ሳይሆን «አግዘኝ፣ አልቻልኩም» ብለሽ ለምኚው። ወሩ ሲያልቅ ሁለታችሁም አንድ ገጽ ላይ የየቀኑን ወጪ ታያላችሁ። ያኔ ጥያቄው ከ«የት ገባ?» ወደ «የትኛውን እንቀይር?» ይዞራል። ሁለታችሁ አንድ ላይ የምትመልሱት ጥያቄ እሱ ነው።

ልጆቹ ፊት ግን ስለ ብር አትጨቃጨቁ። የ8 ዓመቱ ልጅ ሁሉን ይሰማል። ወተት የቀረበት በእሱ ምክንያት እንዳይመስለው።

የመጨረሻው የእናትሽ ነገር ነው። 1,000ውን አትቁረጪ። እሳቸው ገበያ የሚወጡት፣ መድኃኒት የሚገዙት በዚያ ብር ነው፤ ካንቺ ቤት ከሰሉ ብቻ በወር ከዚያ በላይ ይወስዳል። ባለቤትሽ ግን ሥጋቱ የመጣው ከዕዳው ስለሆነ በባዶ «አልተውም» ብለሽ አትዝጊው። እናትሽ አለታ ወንዶ ናቸው፤ የቡናና የእንሰት አገር። ጓሮ ካላቸው ሰው በመጣ ቁጥር ቆጮ፣ ጎመን፣ ጥሬ ቡና መላክ እንደሚችሉ ጠይቂያቸው። እናት እንዲህ ስትጠየቅ ትደሰታለች እንጂ አይከፋትም፤ ለልጅ ልጆቿ የምትልከው ነገር አገኘች ማለት ነው። ከእሳቸው የመጣውን ገበያ ላይ ብትገዢው ስንት እንደሚያወጣ በዚያው ደብተር ላይ ጻፊው። ሦስት ወር ከተጻፈ በኋላ ገጹን ለባለቤትሽ ስጪውና ራሱ ይደምረው።